የጭነት አውሮፕላን የመነሻ አደጋ፦ ከወሎ ማረፊያዎች አንጻር

የጭነት አውሮፕላን ከመሬት በለቀቀ በደቂቃዎች ውስጥ ሲወድቅ፣ ስህተቱ ብዙ ጊዜ ሞተር ሳይነሣ ገና መጋዘን ደጃፍ ላይ የተሠራ ነው። ክብደቱ ተሳስቶ ይጻፋል፣ ጭነቱ ያለ ቦታው ይገባል፣ ወይም ማሰሪያው ይላላል። የወሎ መልክዓ ምድር ደግሞ ለእንዲህ ያለው ስህተት ምሕረት የለውም።

የኮምቦልቻ ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,860 ሜትር ያህል፣ የላሊበላው ደግሞ ወደ 1,950 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ኮምቦልቻ ላይ ጧት 1 ሰዓት 13 ዲግሪ ቢሆን፣ አየሩ ለአውሮፕላኑ 2,200 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ያህል ይሳሳል። ከሰዓት በኋላ 28 ዲግሪ ሲደርስ ግን ያው ሜዳ ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል። በዚህ ሰዓት ክንፉ ተመሳሳይ የማንሣት ኃይል እንዲሰጥ፣ በባሕር ጠለል ከሚያስፈልገው 15 በመቶ የሚበልጥ የመሬት ፍጥነት ይፈልጋል። ሞተሩም በሳሳ አየር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ መንደርደሪያው ከሁለት ወገን ይረዝማል። ከባድ ጭነት ያለው በረራ ለጧት የሚመደበው ለዚህ ነው። ካልተቻለ ጭነት ይቀነሳል።

ከተነሡ በኋላ ያለው ችግር ተራራው ነው። ኮምቦልቻ ቦርከና የሚፈስበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነው፤ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን አንዱ ሞተር ቢቆም፣ ጎማው ከታጠፈ በኋላ ቢያንስ 2.4 በመቶ፣ ማለትም ወደ ፊት በሄደ በየ100 ሜትሩ 2.4 ሜትር፣ መውጣት መቻል አለበት። ለእንቅፋት ስሌት ከዚህ ላይ 0.8 ይቀነሳል፤ የሚቀረው በኪሎ ሜትር 16 ሜትር ነው። በዚህ አወጣጥ የደሴን ከፍታ ለመድረስ 40 ኪሎ ሜትር ያስፈልጋል። ስለዚህ ሞተር ሲጠፋ በየት በኩል እንደሚታጠፍ፣ የትኛውን ሸለቆ ተከትሎ እንደሚወጣ የሚወሰነው ከመነሣት በፊት ነው።

ወሎ ከባድ የጭነት በረራን በደንብ ያወቀው በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ነው። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለሶችና የሶቪየት አንቶኖቭ 12 አውሮፕላኖች በእርዳታው ተሰማርተው ነበር፤ አውሮፕላን ማሳረፍ በማይቻልባቸው ደጋማ ቦታዎች ላይ ሄርኩለሶቹ እህሉን ዝቅ ብለው እየበረሩ ይጥሉ ነበር።

እህል ሲጫን የሚያሳስተው ነገር ቀላል ይመስላል። «ኩንታል» ሲባል ወረቀቱ ላይ 100 ኪሎ ነው፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን 104 ሊሆን ይችላል፣ እርጥበት ከገባበትማ ከዚያም ይበልጣል። 180 ኩንታል በተጫነበት አውሮፕላን ላይ ይህ ልዩነት 720 ኪሎ ነው፤ በሰነዱ ላይ የለም፣ ክንፉ ግን ይሸከመዋል። መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፦ እያንዳንዱ ፓሌት (ጭነቱ የሚደረደርበት ጠፍጣፋ መደብ) ከነመረቡ ተመዝኖ፣ የተመዘነው ቁጥር ይጻፋል። ቀጥሎ በክብደትና ሚዛን ሰነዱ ላይ የክብደቱ ማዕከል ይሰላና የጅራቱ ማረጋጊያ በዚያ ልክ ይስተካከላል። ማዕከሉ ከገደቡ ወደ ኋላ ካለፈ አፍንጫው በራሱ ወደ ላይ ይነሣል፣ ፍጥነት ይወርዳል፣ ክንፉ አየሩን መያዝ ያቅተዋል። ከመሬት ብዙም ስላልራቀ አፍንጫውን አውርዶ ፍጥነት ለማግኘት ቦታ የለውም። ነሐሴ 1 ቀን 1989 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ማያሚ ላይ የወደቀው የፋይን ኤር ዲሲ-8 የጭነት አውሮፕላን አደጋ ይህን ይመስላል፦ ጭነቱ ማዕከሉን ወደ ኋላ ወስዶት ነበር፣ ማረጋጊያውም ለሌላ ሚዛን ነበር የተስተካከለው። መሬት ላይ የነበረ አንድ ሰው ጨምሮ 5 ሰዎች ሞቱ።

ማሰሪያውም የራሱ ሒሳብ አለው። 2,270 ኪሎ ይይዛል የተባለ ቀበቶ ያን ያህል የሚይዘው በቀጥታ ሲሳብ ነው። ከወለሉ 60 ዲግሪ ወደ ላይ ከታሰረ ጭነቱ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ግማሹን፣ ማለትም 1,135 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀበቶ መቁጠር ብቻ አይበቃም፤ ማዕዘኑም ይታያል። ሚያዝያ 21 ቀን 2005 ዓ.ም. ከአፍጋኒስታን ባግራም የተነሣው የናሽናል ኤርላይንስ ቦይንግ 747 አምስት የጦር ተሽከርካሪዎች ይዞ ነበር። ቢያንስ አንዱ ተፈትቶ ወደ ኋላ ሄደ፤ የሃይድሮሊክ መስመሮችን (በፈሳሽ ግፊት መቆጣጠሪያዎቹን የሚያንቀሳቅሱ ቱቦዎችን) እና የማረጋጊያውን ማንቀሳቀሻ ሰበረ። ሰባቱም ተሳፋሪ ሠራተኞች አለቁ።

ጭነቱ በትክክል ታስሮም ስሌቱ ሊያጠፋ ይችላል። ጥቅምት 4 ቀን 1997 ዓ.ም. ካናዳ፣ ሃሊፋክስ ላይ የኤምኬ ኤርላይንስ ቦይንግ 747 ከ350 ቶን በላይ ሆኖ ሳለ፣ የመነሻ ፍጥነቱና የሞተር ጉልበቱ የተሰሉት ከቀደመው በረራ በቀረ 240 ቶን ነበር። ጅራቱ ከማኮብኮቢያው መጨረሻ ያለውን የአፈር ክምር መታ፤ 7 ሰዎች ሞቱ። ሁለተኛው አብራሪ የመጀመሪያውን ስሌት ሳያይ ራሱ እንደ አዲስ ቢሠራው እንዲህ ያለው ስህተት ይጋለጣል።

ወፍም አለ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 እርግቦች ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገብተውበት ተከስክሶ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞተዋል። የመንገደኛ አውሮፕላን ነበር፤ ወፍ ግን ጭነትና መንገደኛ አይለይም። በማረፊያ አካባቢ ቄራና የቆሻሻ መጣያ ጥንብ አንሳ ይጠራሉ፣ የተደፋ እህል ደግሞ እርግብ ይሰበስባል። ጭነት በተራገፈ ቁጥር ሜዳው የሚጠረገው ለዚህ ነው።

አውሮፕላን እርሻ ላይ ከወደቀ ቀድሞ የሚደርሰው ገበሬው ነው። ጭሱ መርዝ ስለሆነ የሚቀረበው ነፋሱን ከኋላ አድርጎ ነው። የጋለ ጎማ ሊፈነዳ ስለሚችል ከጎኑ አይቆምም፤ ከፊት ወይም ከኋላ ነው የሚቀረበው። የተጎዳ ሰው ይወጣል፣ ስብርባሪው ግን ባለበት ይተዋል። «ጥቁር ሳጥን» የሚባለው ቀለሙ ብርቱካናማ ነው፤ ያየው ቦታውን ምልክት አድርጎ ለፖሊስ ያሳያል እንጂ አይከፍተውም፣ አያጥበውም። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት ምርመራውን የሚመራው አደጋው የደረሰበት አገር ሲሆን፣ የመጀመሪያ ሪፖርቱን በ30 ቀን ውስጥ ያወጣል።