ኬሎይድ ካንሰር ነው ወይስ ጠባሳ?

ሰሞኑን ይህ ጥያቄ ስለተደጋገመ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ኬሎይድ ካንሰር አይደለም። ጠባሳ ነው፤ ግን መቆም ያቃተው ጠባሳ።

ቆዳችን ሲቆረጥ ሰውነት ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን እየሠራ ቁስሉን ይጠግናል። ቁስሉ ሲድን ይህ ሥራ ጋብ ማለት አለበት። ኬሎይድ ላይ ግን ጥገናው ይቀጥላል። ኮላጅኑ ይከመራል፤ ያሳክካል፣ አንዳንዴም ያማል።

አንዲት ልጅ ጆሮዋን ተበሳች እንበል። ቀዳዳው ላይ ትንሽ አብጦ እዚያው ከቀረ ወፍራም ጠባሳ ነው፤ በጊዜ ብዛት ሊሟሽሽ ይችላል። ጤነኛውን ቆዳ እየወረሰ ከሄደና ከወራት በኋላ ሽምብራ አክሎ ከዚያም ካለፈ ግን ኬሎይድ ነው። ዋናው መለያ ይሄ ነው፦ የቁስሉን ድንበር ማለፉ።

መምታታቱ የእኛ ብቻ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የገለጸው ፈረንሳዊ ሐኪም አሊበርት ራሱ መጀመሪያ ካንሰር የሚመስል ስም ሰጥቶት ነበር። ሰው እንዳይሳሳት ብሎ ኋላ ቀየረው።

«ታዲያ ለምን አይቆረጥም?» ላላችሁኝ፦ መቁረጡ ራሱ አዲስ ቁስል ነው። ብቻውን ከተቆረጠ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል፣ አንዳንዴም ብሶ። ስለዚህ ሐኪሞች የስቴሮይድ (እብጠትን የሚያበርድ መድኃኒት) መርፌ ወይም ሌላ ሕክምና ያክሉበታል።

ለሕክምናው የሚሰጠው ምላሽ ከሰው ሰው ይለያያል። ኬሎይድ ጥቁር ቆዳ ባላቸውና በቤተሰባቸው ኬሎይድ ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል፤ ሁሉም ላይ ግን አይወጣም።

ቁስል ሳይኖር ከቆዳ ሥር የወጣና እያደገ የሚሄድ እብጠት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እባካችሁ እሱን ቶሎ ለሐኪም አሳዩ።