«ተጠሪ ሰው» እና «መሪ ባለሙያ»፦ በስኮትላንድ የሕፃናት ድጋፍ የሚምታቱ ሁለት ስያሜዎች

በስኮትላንድ ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ «ተጠሪ ሰው» እና «መሪ ባለሙያ» የሚሉ ሁለት ስያሜዎች ያጋጥሙታል፤ ብዙዎች አንድ ይመስሏቸዋል፣ ግን አይደሉም።

ሁለቱ ስያሜዎች የሚገኙበት የሕፃናት ድጋፍ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2006 በሰሜን ስኮትላንድ በሚገኘው በሃይላንድ አካባቢ በሙከራ ሲጀመር የታየው ችግር ቀላል አልነበረም። ቁርስ ሳይበላ፣ እንቅልፍ እየጣለው ክፍል የሚገባ ልጅ እናስብ፤ መምህሩ ድካሙን ያያል፣ ነርሷ ያመለጠውን ክትባት ታውቃለች፣ የቤቶች ጽሕፈት ቤት ደግሞ የቤተሰቡን የኪራይ ውዝፍ መዝግቧል፤ ሁሉም በየራሱ ፋይል ስለሚጽፍ ግን እናትየዋ ያንኑ ታሪክ ሦስት ጊዜ ትናገራለች፣ ሙሉ ገጽታውን የሚያይ አንድም ሰው የለም።

ተጠሪ ሰው ለማንኛውም ልጅ የሚመደብ የመጀመሪያ መገናኛ ሲሆን፣ ልጁ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ለቤት የምትከታተል ነርስ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ርዕሰ መምህሩ ወይም ምክትሉ ነው። ስለዚህ ተጠሪ መመደቡ ልጁ ችግር ላይ ወድቋል ማለት አይደለም፤ ወላጆች በዚህ ምክንያት በከንቱ እንዳይደነግጡ አጥብቄ እሻለሁ። መሪ ባለሙያ የሚሰየመው ግን ሁለትና ከዚያ በላይ መሥሪያ ቤቶች ልጁን በጋራ ሲደግፉ፣ ለልጁ የተዘጋጀውን አንድ የጋራ ዕቅድ እንዲያስተባብር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሕግ የተጠሪን አገልግሎት በሕግ የተደነገገ ሊያደርገው ነበር። ሆኖም የብሪታኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 የመረጃ ልውውጥ ድንጋጌዎቹ ከግልና ከቤተሰብ ሕይወት መብት ጋር እንደማይጣጣሙ ወሰነ፤ የስኮትላንድ መንግሥትም በ2019 አገልግሎቱን በሕግ የመደንገግ ሐሳቡን ተወው። ተጠሪው ዛሬም በአሠራር ደረጃ አለ፤ ወላጅ ግን ምክሩን የመቀበል ግዴታ የለበትም። ልጁ ለጉዳት ተጋልጧል የሚል ስጋት ከተነሣ የሕፃናት ጥበቃ ሥርዓት ራሱን ችሎ ይሠራል።