«አሸባሪ ድርጅት» የሚባለው ማን ሲለው ነው?

ብዙ ሰው ፍርድ ቤት ይመስለዋል። በኢትዮጵያ ግን አንድን ድርጅት በሽብርተኝነት የሚሰይመው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የውሳኔ ሐሳቡን የሚልክለት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ስያሜውም የሚነሳው በዚያው በፓርላማው ድምፅ ነው። ስለዚህ ስያሜው ከሕግ ጥያቄነቱ ባልተናነሰ የፖለቲካ ውሳኔ ነው።

ታሪኩም ይህንኑ ያሳያል። በ2003 ዓ.ም. ኦነግ፣ ኦብነግና ግንቦት 7 ከአልቃይዳና ከአልሸባብ ጋር በአንድ ዝርዝር ገቡ (ግንቦት 7ን ከአልቃይዳ ጎን ማስቀመጥ ያኔም ብዙዎችን አስገርሟል)። በ2010 ሰኔ ሦስቱ ተሰረዙ፤ ብዙም ሳይቆይ የኦነግና የግንቦት 7 መሪዎች አዲስ አበባ ላይ በሕዝብ አቀባበል ገቡ። ሕወሓት ሚያዝያ 2013 ከ«ሸኔ» ጋር ተሰይሞ፣ ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ መጋቢት 2015 ስሙ ተነሳ። የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም፤ ኔልሰን ማንዴላ ከፕሬዚዳንትነት ከወረዱ ከዓመታት በኋላም እስከ እ.ኤ.አ. 2008 ድረስ በአሜሪካ መከታተያ ዝርዝር ውስጥ ነበሩ።

ግለሰብን በተመለከተ ነገሩ ሌላ ነው። የድርጅቱ መሰየም ብቻውን ማንንም ወንጀለኛ አያደርግም፤ ዐቃቤ ሕግ የተከሳሹን የራሱን ድርጊት ችሎት ፊት ማስረዳት አለበት። ጋዜጠኞችና ጦማሪዎች የተከሰሱበት የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 በ1176/2012 ሲተካ ደግሞ፣ ሥራ ማቆምና ሰላማዊ ሰልፍን የመሰሉ በሕግ የታወቁ መብቶችን መጠቀም የሕዝብ አገልግሎት ቢያስተጓጉል እንኳ ሽብር እንደማይባል ተጽፏል።