ሆሎታይፕ ምንድን ነው?

ሆሎታይፕ አዲስ የእንስሳት ዝርያ ሲሰየም ስሙ የሚታሰርበት ናሙና ነው። አንድ ብቻ። ዝንብ ከሆነ አንዲት ዝንብ፣ ስፒል ወይም ስላይድ (የማይክሮስኮፕ መስታወት) ላይ ሆና፣ በተለምዶ ቀይ ወረቀት ተለጥፎባት በሙዚየም መሳቢያ ትቀመጣለች። ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን አዲስ ዝርያ ተገኘ በተባለ ቁጥር ሆሎታይፕ «የዝርያው ወካይ»፣ «የዝርያው መለኪያ»፣ ሲብስም «ዝርያው ለመኖሩ ማረጋገጫ» እየተባለ ይጻፋል። ሦስቱም ስህተት ናቸው፤ ሦስተኛው ደግሞ ሰውን ከሳይንሱ ጋር በከንቱ ያጣላል።

ጥሉ እንዲህ ነው የሚጀምረው። እ.ኤ.አ. በ2012 የዝንብ አጥኚው ብራያን ብራውን ከታይላንድ፣ ከካንግ ክራቻን ብሔራዊ ፓርክ የተገኘችን ዩሪፕላቲያ ናናክኒሃሊ የተባለች ዝንብ ገልጾ አሳተመ። ርዝመቷ 0.4 ሚሊሜትር፣ በወቅቱ ከሚታወቁ ዝንቦች ሁሉ ትንሿ፣ በእጅ ያለችውም አንዲት ሴቴ ብቻ። ይህን ያነበበ አንድ አስተያየት ሰጪ «ከአንዲት ዝንብ ተነስቶ ዝርያ? የቀጨጨች ብትሆንስ? መቶ ለክተው አማካይ ቢያወጡ ምን ነበረበት?» ይላል። ብልህ ጥያቄ ይመስላል፤ ግን ሁለት ነገር ደባልቋል። ይህች ዝንብ ከሚታወቁት ሁሉ ትለያለች ወይ? ይህ አንድ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ያለው በንጽጽሩ ውስጥ ነው። ማለትም ከዘመዷ፣ ከኢኳቶሪያል ጊኒዋ ዩሪፕላቲያ አይድማኒ ጋር ጎን ለጎን ታይታ በተጻፈው የልዩነት መግለጫ። የቀጨጨች ዝንብ ትንሽ ትሆናለች እንጂ የአካሏ መሠረታዊ ቅርጽ አይለወጥም፤ እዚህ ዝርያዋን የለየውም ቅርጽ እንጂ ቁመት ብቻ አይደለም። የሚሰጠው ስም ከምን ጋር ይታሰር? ይህ ሌላ ጥያቄ ነው። ሆሎታይፕ የሚመልሰው ይህንን ብቻ ነው።

ስሙን በችካል ላይ እንደታሰረ በሬ ቁጠሩት። መስኩ ዝርያው ነው፤ ችካሉ ሆሎታይፑ። ችካል የግድ መስኩ መሃል አይተከልም፤ ጥግ ላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ሣሩም የሚነግረን ነገር የለም። መስኩ እስከ የት እንደሚደርስ የሚወስነው አጥኚው ነው፤ ዛሬ ያሰፋዋል፣ ነገ ያጠበዋል፤ ችካሉ ግን ባለበት ይቆያል። አንድ የመሰለን መስክ ሁለት ሆኖ ተገኝቶ አጥር ቢያልፍበት፣ በሬው ችካሉ ባለበት ወገን ይቀራል፤ ማዶው አዲስ ችካልና አዲስ በሬ ይፈልጋል። ሁለት ሰዎች ሳይተዋወቁ አንድ መስክ ላይ ሁለት ችካል ተክለው ከተገኙ ደግሞ ቀድሞ የታተመው ስም ይጸናል። ሁለተኛው ችካል ግን ተነቅሎ አይጣልም፤ ነገ አጥር በመሃል ቢያልፍ ማዶ ሊገኝ ይችላልና።

አጥሩ የሚያልፍበት ሩቅ አገር አይደለም። ሲሙሊየም ዳምኖሰም የሚለው ስም በ1903 የወጣው ከኡጋንዳ ለመጣ ጥቁር ዝንብ ነው፤ ዓይን የሚያጠፋውን ኦንኮሰርኪያሲስን የሚያስተላልፈው ማለት ነው። ኋላ የእጮቹ የምራቅ ዕጢ ክሮሞሶም ሲታይ በመልክ አንድ የሚመስለው ዝንብ ብዙ ዝርያ ሆኖ ተገኘ፤ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተገለጸው ሲሙሊየም ካፋኤንሴም አንዱ ነው። እዚህ ላይ ችግር አለ። የደረቀ ጎልማሳ ዝንብ ያንን ክሮሞሶም አያሳይም። ስለዚህ የድሮው ስም የየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ናሙናው መጀመሪያ ወደተያዘበት ቦታ ተመልሶ እጭ መሰብሰብ ግድ ይሆናል። «ጫካ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር» ብሎ የጻፈ ሰብሳቢ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚረገመው ለዚህ ነው።

ወካይ ካልሆነ ታዲያ በምን ይመረጣል? በጥቅሙ። ልዩነቱ የሚታይበት አካል የተሟላለት ናሙና ይወሰዳል። በአብዛኛው ዝንብ ይህ የወንዴው ብልት ስለሆነ ወንዴ ይመረጣል፤ ጉንዳን ውስጥ እንቁላል በሚጥሉት፣ ፎሪድ በተባሉ ደቃቃ ዝንቦች ግን ብዙ ጊዜ የሚለየው የሴቴዋ እንቁላል መጣያ ነው፤ እዚያ «ወንዴ ካልሆነ» ብሎ መከራከር አያዋጣም። የሆዱ ጫፍ ተቆርጦ 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ለብ ተደርጎ ለጥቂት ደቂቃ ይቆያል፤ ሥጋው ሟሙቶ ቅርፊቱ ይቀራል። ከቆየ ቅርፊቱም ይገረጣል፣ ጸጉሮቹም ይረግፋሉ። በውሃ ታጥቦ፣ ጠብታ አሴቲክ አሲድ አግኝቶ፣ በግሊሰሪን ትንሽዬ ብልቃጥ ውስጥ ገብቶ ከዝንቧ ሥር በዚያው ስፒል ላይ ይሰካል። ሁለት ዝንብ ጎን ለጎን እየሠሩ ብልቃጥ ማቀያየር ከሁሉ የከፋው ጥፋት ነው፤ አካሉ የአንዱ፣ ብልቱ የሌላው ሆኖ አንድ ስም ሁለት ዝርያ ላይ ይታሰራል።

ግማሽ ሚሊሜትር የማትሞላ ዝንብ ስፒል አትችልም፤ ስላይድ ላይ ካናዳ በለሳም በሚባል የዛፍ ሙጫ ትቀመጣለች። በርሌዝ ፈሳሽ በሚባለው ሌላ የስላይድ ማጣበቂያ መሥራት ይቀላል፤ ግን ከዓመታት በኋላ ይጠቁራል ወይም ይሰነጠቃል። አልኮሉም የራሱ ጣጣ አለው። 95 በመቶው ዲኤንኤን ይጠብቃል፣ ግን ዝንቧን አድርቆ እግሯን ያሰብራል፤ 70 በመቶው አካሉን ያለሰልሳል፣ ዲኤንኤው ግን ቶሎ ይጎዳል። ከአልኮል ወጥታ በአየር ብቻ የደረቀች ደቃቃ ዝንብ ትጨማደዳለች፤ ሄክሳሜቲልዳይሲላዜን በሚባል ቶሎ የሚተን ኬሚካል ማድረቅ ከዚህ ያድናል፤ ትነቱን ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ ሥር ካልሆነ ግን ባይሞከር ይሻላል። ለዲኤንኤ ከሆሎታይፑ አንድ እግር ከተወሰደ የየትኛው ወገን እግር እንደሆነ ይጻፍ፤ ካልሆነ ወደፊት የሚያየው ሰው ጉድለቱን ባሕርይ ያደርገዋል።

ሆድ አልኮል ውስጥ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ መሸፈኛ ብርጭቆ ሥር ይለጠጣል፤ ስለዚህ የዝንብ ቁመት እንደ አያያዟ ይለዋወጣል። በ2018 ያው ብራውን ከብራዚል የገለጻት ሜጋፕሮፖዲፎራ አርኖልዲ 0.395 ሚሊሜትር በመሆኗ የትንሿን ዝንብ ክብረ ወሰን ወሰደች ተብሎ ተጻፈ። ልዩነቱ 0.005 ሚሊሜትር ነው። ብራውን ራሱ በጽሑፉ ርዕስ ላይ «ሁለተኛ ተፎካካሪ» ነው ያላት፤ አሸናፊ ያደረጓት ሌሎች ናቸው።

ፎቶግራፍስ? በ2015 ማርሌይሚያ ዛይሎኮፔ የተባለች የደቡብ አፍሪካ ዝንብ በፎቶ ብቻ ተገልጻ ብዙ ጭቅጭቅ አስነስታለች። ዝንቧ ከተነሳች በኋላ አምልጣ ነበር። በእንስሳት ስያሜ ደንብ መሠረት ሆሎታይፑ ፎቶው አይደለም፤ በፎቶው ላይ የምትታየው፣ በርራ የሄደችው ዝንብ ናት። ስሙ ተቀባይነት አለው። ብልቷን ከፍቶ ማየት ግን ከእንግዲህ አይቻልም፤ ከዘመዶቿ የምትለየው በዚያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስሙ ባዶ ይቀር ነበር። ለዚህ ነው በፎቶ መግለጽን አይከለከል እንጂ አይለመድ የምለው።

ሆሎታይፕ ቢቃጠል ዝርያው ስም አልባ አይሆንም። በ2018 የሪዮ ዴ ጄኔሮ ብሔራዊ ሙዚየም ሲነድ ከነፍሳት ክምችቱ አብዛኛው ጠፋ፤ ስሞቹ ግን ጸንተዋል። ምትክ፣ ማለትም ኒዮታይፕ፣ የሚሰየመው የስሙ ባለቤት ማን እንደሆነ በእርግጥ ሲያከራክር ብቻ ነው፤ ለማሟላት ተብሎ አይደረግም። ፓራታይፖችም፣ ማለትም ዝርያው ሲገለጽ ከሆሎታይፑ ጋር የተጠቀሱት ሌሎች ናሙናዎች፣ ወራሽ አይደሉም፤ ሆሎታይፑ እያለ አሥሩም ፓራታይፕ ሌላ ዝርያ ሆነው ቢገኙ ስሙ አይነቃነቅም።

ከ1999 በኋላ ለታተመ ስም ደንቡ በግልጽ የሚጠይቀው ስም ተሸካሚው ናሙና እንዲጠቀስና፣ ናሙናው በእጅ ካለም በየትኛው ክምችት እንደሚቀመጥ እንዲጻፍ ነው። ናሙናው በፈቃድ ይሁን ያለ ፈቃድ ከአገር መውጣቱን አይጠይቅም። ያንን የሚጠይቀው የአገር ሕግ ነው፤ በእኛ አገር፣ በኢትዮጵያ፣ ስለ ጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው)። ያለ ፈቃድ በወጣች ዝንብ ላይ የተሰየመ ስም በስያሜ ደንቡ ዘንድ ይጸናል፤ ያለ ፈቃድ ያወጣት ሰው ደግሞ በሕግ ይጠየቃል።