የአሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ የፊት መብራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የ45 ወይም የ75 ላንድክሩዘር ፒክአፕ ያለው ሰው «መብራቴ ደከመ» ሲል የሚሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነው፦ ሱማሌ ተራ ሂድና ትልቅ ዋት ያለው አምፖል ወይም ኤልኢዲ ግዛ። አምፖሉ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋት የለበትም። ከ30 ዓመት በላይ ባገለገለ መኪና ላይ ብርሃኑን የሚበሉት ሽቦው፣ አንጸባራቂውና የመብራቱ አቅጣጫ ናቸው። እነሱ ሳይስተካከሉ የሚገባ አምፖል ገንዘብ ያባክናል፤ ሲብስም እሳት ያስነሳል። እዚህ የተጻፈው ክብ የ7 ኢንች (178 ሚሊሜትር) መብራት ላላቸው ለእነዚህ መኪኖች ነው፤ ስለ ሽቦና ስለ አቅጣጫ የተባለው ግን ለአሮጌ ሃይሉክስም ይሆናል።

«100 ዋት አምፖል ከ55ቱ በእጥፍ ያበራል»

መደበኛው ኤች 4 አምፖል ለረጅም መብራት 60፣ ለአጭር 55 ዋት ነው። በ13.2 ቮልት ሲለካ ረጅሙ 1650፣ አጭሩ 1000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ገደማ ይሰጣል። ቮልቱ ሲወርድ የሃሎጅን ብርሃን አብሮ በእኩል አይወርድም፤ ቀድሞ ነው የሚወርደው። 13.2 የነበረው 12 ቢሆን የሚቀረው ብርሃን 72 በመቶ ያህል ነው፣ 11.5 ቢሆን ደግሞ 63 በመቶ። «አምፖሉ ደክሟል» የሚባለው ያ ቢጫ ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ታዲያ ቮልቱ የት ይቀራል? የፋብሪካው መስመር ከባትሪ ተነስቶ በፊውዝ በኩል መብራቱ ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ ከመሪው ሥር ባለው ማብሪያ ዞሮ ይመለሳል። ስድስት ሜትር የሚሆን 1.25 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ 0.08 ኦም ያህል ይቃወማል። 10 አምፔር ሲያልፍበት 0.8 ቮልት ይበላል። የዛገ ሶኬትና የላላ ማሳ (ከቦዲ ጋር የሚታሰረው የኔጋቲቭ መስመር) ሲታከሉበት 1.5፣ እንዲያም ሲል 2 ቮልት ቢጠፋ አይገርምም። በዚህ መስመር ላይ ሁለት 100 ዋት አምፖል ሲገባ የሚያልፈው ከ16 አምፔር በላይ ይሆናል፤ ሽቦው ብቻውን 1.3 ቮልት ይወስዳል። የተጨመረው ዋት ብዙው መንገድ ላይ ወደ ሙቀት ይቀየራል። መጀመሪያ የሚጎዳው የመሪው ሥር ማብሪያ ነው፣ የውስጥ ጫፎቹ ይጠቁራሉ። ቀጥሎ የአምፖሉ የፕላስቲክ ሶኬት ቡናማ ሆኖ ይቀልጣል። የመኪናችሁን ሶኬት ነቅላችሁ ቡናማ ቀለም ካያችሁ ከዚህ በፊት አንድ ሰው ይህን ሞክሯል ማለት ነው።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት መለካት ነው። ሞተሩን አስነሱና ከዝቅተኛው ዙር ትንሽ ከፍ አድርጉት፣ ረጅም መብራት አብሩ። ቴስተሩን በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ አድርጋችሁ ጻፉ፤ ዲናሞው ጤነኛ ከሆነ 13.8 እስከ 14.2 ያህል ይሆናል። ቀጥሎ ሶኬቱ አምፖሉ ላይ እንደተሰካ፣ ከጀርባው በቀጭን መርፌ ገብታችሁ በአምፖሉ እግሮች መካከል ያለውን ለኩ። ልዩነቱ እስከ 0.5 ቮልት ከሆነ መስመሩ ደህና ነው፤ ከ1 ካለፈ ግን ምንም አምፖል አይጠቅማችሁም። እዚህ ላይ ብዙ ኤሌክትሪሽያን የሚስተው ነገር አለ፦ ሶኬቱን ነቅሎ ይለካና «ሙሉ ቮልት ይመጣል» ይላል። ጅረት በሌለበት የቮልት መውደቅ የለም፤ የዛገ ክር የምታህል ሽቦም ቢሆን ሙሉ 12 ታሳያለች።

«ሪሌ ያለው ዝግጁ ገመድ ለሁሉም መኪና ይሆናል»

መፍትሔው ሪሌ (በመሪው ማብሪያ ትንሽ ጅረት ተቀስቅሶ ትልቁን ጅረት ከባትሪ በቀጥታ ወደ መብራቱ የሚያሳልፍ ማብሪያ) መሆኑ እውነት ነው፤ «ለሁሉም ይሆናል» የሚለው ነው ስህተቱ። አብዛኞቹ የድሮ ቶዮታዎች፣ ላንድክሩዘርም ሃይሉክስም፣ የፊት መብራታቸው በማሳ በኩል ነው የሚበራውና የሚጠፋው። ለአምፖሉ የጋራ እግር የሚመጣው ፖዘቲቭ ነው፤ የመሪው ማብሪያ የአጭሩን ወይም የረጅሙን ሽቦ ከማሳ ጋር ያገናኛል። በሱቅ የሚሸጠው ዝግጁ ገመድ ግን ብዙውን ጊዜ ተቃራኒውን አስቦ የተሠራ ነው። የሪሌው መቀስቀሻ አንደኛው ጫፍ ከቦዲ ጋር ታስሯል፣ ሌላኛው ከማብሪያው ፖዘቲቭ ይጠብቃል። ቶዮታው ላይ ሲገባ ፖዘቲቭ የሚጠበቅበት ቦታ ማሳ ይመጣና ሪሌው ዝም ይላል። ከዚያ «ሪሌው ብልሽት ነው» ተብሎ ይጣላል።

የእናንተው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የግራና የቀኙን መብራት ሶኬቶች ሁለቱንም ንቀሉ፣ አጭር መብራት አብሩ፣ የቴስተሩን ጥቁር ገመድ ባትሪ ኔጋቲቭ ላይ አድርጉና የአንዱን ሶኬት ሦስት ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ንኩ። ከዚያ ወደ ረጅም ቀይሩና ድገሙት። 12 ቮልቱ ሁለቱንም ጊዜ በአንድ እግር ላይ ብቻ ከቆየ ማሳ የሚቀያየርበት ነው። ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ከዘለለ ፖዘቲቭ የሚቀያየርበት ነው።

ለማሳ ተቀያያሪው የሚያስፈልገው፦ 12 ቮልት 30 ወይም 40 አምፔር የሚችሉ ሁለት ሪሌዎች፣ ሁለት 15 አምፔር ፊውዝ ከነቤታቸው፣ 6 ሜትር ያህል 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ ለመቀስቀሻው ጥቂት ቀጭን ሽቦ፣ ሁለት የሴራሚክ ኤች 4 ሶኬት። አሠራሩ እንዲህ ነው (30፣ 85፣ 86 እና 87 ሪሌው ላይ የተጻፉ የእግር ቁጥሮች ናቸው፤ 85ና 86 የመቀስቀሻው ሁለት ጫፎች ናቸው)። ከአንዱ የድሮ ሶኬት ላይ የጋራውን ፖዘቲቭ ወደ ሁለቱም ሪሌዎች 86 አምጡ። የአጭሩን ሽቦ ወደ አንደኛው 85፣ የረጅሙን ወደ ሁለተኛው 85 አገናኙ። ከ85ም ከ86ም አንዳቸውም ከቦዲ ጋር አይታሰሩም። የእያንዳንዱ ሪሌ 30 በራሱ ፊውዝ በኩል በቀጥታ ከባትሪ ፖዘቲቭ ይመጣል፣ 87 ወደ ሁለቱ አዳዲስ ሶኬቶች ይሄዳል። የአዲሶቹ ሶኬቶች ሦስተኛ እግር ማሳ ነው፤ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ በጠራ ቦታ ላይ ይታሰር፣ ቢቻል ደግሞ በቀጥታ ወደ ባትሪው ይሂድ።

ሁለት ነገር እዚህ ይበላሻል። አንደኛው የፊውዙ ቦታ ነው። ከባትሪው ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ከባትሪ እስከ ፊውዝ ያለው ሽቦ በፓራፋንጎው ጠርዝ ተልጦ ብረት ቢነካ የሚያቆመው ነገር የለምና። ሪሌዎቹንም እግራቸው ወደ ታች ሆኖ እሰሩ፣ ውሃ እንዳይቋጥሩ። ሁለተኛው ዳሽቦርድ ላይ ያለችው ሰማያዊ የረጅም መብራት ጠቋሚ ናት። በብዙዎቹ ቶዮታዎች ይህች ጠቋሚ የምትበራው በአጭሩ ክር በኩል በሚያልፍ ትንሽ ጅረት ነው። ክሩ በሪሌው መቀስቀሻ ሲተካ ትደበዝዛለች፣ አንዳንዴም የአጭሩን ሪሌ በግማሽ ቀስቅሳ ታንጫጫዋለች። ይህ ከመጣ ጠቋሚዋን ከድሮው መስመር አውጥታችሁ ከረጅሙ ሪሌ 87 በቀጭን ሽቦና በትንሽ ፊውዝ ለብቻዋ መግቧት፣ ሌላው ጫፏ ማሳ ይሁን።

«ኤልኢዲ አምፖል ማንኛውም ፋኖስ ውስጥ ቢገባ ያው ነው»

አንጸባራቂው የተሠራው በአምፖሉ ክር ዙሪያ ነው። ኤች 4 ውስጥ ሁለት ክር አለ፤ ከአጭሩ ክር ሥር ያለችው የማንኪያ ቅርጽ ያላት ብረት ወደ ታችኛው አንጸባራቂ የሚሄደውን ብርሃን ትጋርዳለች፣ ለዚህም ነው አጭር መብራት ግድግዳ ላይ ጥርት ያለ መስመር የሚሠራው። በኤልኢዲው ላይ ብርሃን ሰጪዎቹ በአንድ ጠፍጣፋ ብረት ግራና ቀኝ ተለጥፈዋል። ብረቱ ወፍራም ከሆነ ብርሃኑ ክሩ ከነበረበት ቦታ ይርቃል፣ መስመሩም ይፈርሳል። ከፊት ያለው አስፋልት በጣም ይነጣል፣ ሾፌሩ «አበራ!» ይላል፤ ዓይኑ ግን ለቅርቡ ብርሃን ስለሚጠብ ሩቁን ከበፊቱ ያነሰ ያያል፣ ከፊት የሚመጣውም ይታወራል። ዜኖንም በእነዚህ ፋኖሶች ውስጥ ያው ችግር አለበት፣ ሲበራ ለመድመቅ ሰከንዶች መፈለጉ ተጨምሮበት።

ኤልኢዲ ከተፈለገ አምፖሉን ብቻ ሳይሆን የራሱ ሌንስ ያለውን ሙሉ የ7 ኢንች ፋኖስ መግዛት ይሻላል። ማሳ በሚቀያየርበት መኪና ላይ ለዚያ የተሠራ መሆኑን ጠይቁ፣ ካልሆነ ረጅምና አጭሩ ይቀላቀላሉ ወይም ጨርሶ አይበራም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሉመን አትመኑት። ግድግዳው ላይ የሚታየውን እመኑ።

«ሰማያዊ የሚመስል ብርሃን ሩቅ ያሳያል»

አያሳይም። ሰማያዊው ቅብ ብርሃን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ የገባ ሰው ነጭ ሰማያዊ መብራት እንዴት ግድግዳ ሆኖ ፊቱ እንደሚቆም ያውቀዋል።

«ክብ 7 ኢንች ከሆነ፣ ገባ ማለት ሆነ ማለት ነው»

ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ነው የምትነዳው። ከጃፓን፣ ከኬንያ ወይም ከአውስትራሊያ የመጣ ፋኖስ ግን በግራ ለሚነዳ አገር የተሠራ ነው። የአጭር መብራቱ መስመር ወደ ግራ ከፍ ይላል፣ ማለትም በትክክል ከፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይን ላይ። በመፍቻ ዝቅ በማድረግ አይስተካከልም። መለየቱ ቀላል ነው፤ የአውሮፓ ደንብ ምልክት ባለበት መስታወት ላይ በክብ ውስጥ የላቲኑ «ኢ» ከነቁጥሩ አለ። አጠገቡ ፊት ለፊት ቆሞ ለሚያየው ሰው ወደ ቀኝ የሚያመለክት ቀስት ካለ በግራ ለሚነዳ ነው። ቀስት ከሌለ በቀኝ ለሚነዳ ነው፣ ሁለት አቅጣጫ ያለው ቀስት ለሁለቱም ይሆናል።

ሌላው ቮልት ነው። አንዳንድ የድሮ የናፍጣ ላንድክሩዘሮች 24 ቮልት ናቸው፤ የእነሱ ኤች 4 75 በ70 ዋት ነው፣ 12 ቮልት አምፖል ሲገባ ወዲያው ይቃጠላል። ኮፈን ከፍቶ ሁለት ባትሪ ማየት ግን ማስረጃ አይሆንም፣ ጎን ለጎን ታስረው 12 ሊሆኑ ይችላሉ። የመብራቱን ሶኬት ለኩ።

«አንጸባራቂው ሲደበዝዝ ወልውሎ ማብራት ይቻላል»

አንጸባራቂው ላይ ያለው ከጭጋግ የቀጠነ የአሉሚኒየም ሽፋን ነው፣ በደረቅ ጨርቅ አንዴ ሲጠረግ ይላጣል። ብርማ ስፕሬይ መቀባትም ብርሃኑን ይበትነዋል። የደበዘዘ ይቀየራል፣ በቃ። እንዳይደበዝዝ ግን ከአምፖሉ ጀርባ ያለችውን ጎማ ቦታዋ ላይ አድርጉ። ብዙ መኪና ላይ የለችም፣ አንድ ጊዜ አምፖል የቀየረ ሰው ጥሏታል፤ የፒስታ አቧራና የወንዝ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው።

«መብራቱን ከፍ ማድረግ ሩቅ ያሳያል»

በመጀመሪያ የትኛው ብሎን ምን እንደሆነ ይታወቅ። ክቡን ቀለበት የያዙት ሦስት ትናንሽ ብሎኖች ናቸው። ሞላ ያለባቸው ሁለቱ ትላልቆች ግን አቅጣጫ ማስተካከያ ናቸው፣ አንዱ ለላይና ታች፣ አንዱ ለግራና ቀኝ። ፋኖስ ለማውጣት ካቻቢቴ ይዞ እነዚህን የሚፈታ ሰው አቅጣጫውን ያጠፋል።

የጎማ ንፋስ አስተካክሉ፣ ሾፌሩ ይቀመጥ። መኪናውን ሜዳ ላይ ከግድግዳ 5 ሜትር ላይ አቁሙና የፋኖሱን መሐል ከፍታ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ። የአጭር መብራቱ አግድም መስመር ከዚያ ምልክት ከ5 እስከ 7 ሳንቲሜትር ዝቅ ይበል፤ ወደ ላይ የሚነሳበት ማዕዘን ደግሞ ከፋኖሱ መሐል በቀጥታ ፊት ለፊት ይሁን። አንዱን ስታስተካክሉ ሌላውን በጨርቅ ሸፍኑት።

ፒክአፕ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ጭነቱ ነው። የ75 ፒክአፕ በፊትና በኋላ ጎማ መሐል 2.98 ሜትር ነው። ጭነት ኋላውን ከፊቱ በ5 ሳንቲሜትር አብልጦ ቢያወርደው መኪናው 1.7 በመቶ ወደ ላይ ያጋድላል፤ ባዶውን የተስተካከለው መስመር ከ1 እስከ 1.4 በመቶ ብቻ ነበር የወረደው። ስለዚህ አጭር መብራት የተባለው አሁን ከአግድም በላይ ያያል፣ ከፊት የሚመጡት ሁሉ ረጅም የበራባቸው ይመስላቸዋል። አዘውትሮ ጤፍ ወይም ሲሚንቶ የሚጭን መኪና መብራቱ መስተካከል ያለበት ጭኖ ነው። ባዶውን ሲሄድ ትንሽ ቀርቦ ያበራል፣ ይሁን።

«አምፖሉን በእጅ አትንካ የሚባለው ወሬ ነው»

ይኼኛው እውነት ነው። የጣት ቅባት የበራው ብርጭቆ ላይ ይጋገርና ቦታው ከሌላው ይልቅ ይግላል፣ አምፖሉ ያብጣል ወይም ይጠቁራል። ከነካችሁት ከማብራታችሁ በፊት በአልኮል ጥረጉት።