«ዕድሉን አግኝቶ አልተጠቀመበትም» ስለሚባለው ወጣት አጥቂ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ ስለ ከተማዋ የእግር ኳስ ክለብ ፋሲል ከነማ ወሬ ከተነሳ፣ አንዱ ወጣት አጥቂ በቂ ዕድል ተሰጥቶታል ወይስ አልተሰጠውም የሚለው ክርክር አይቀርም። ከሁለቱም ወገን የሚሰነዘሩት ማስረጃዎች ግን ብዙ ጊዜ ውሃ አይቋጥሩም።

«20 ጨዋታ ገብቶ 2 ጎል! ሌላ ምን ዕድል ይሰጠው?»
ቆጠራው በጨዋታ ሳይሆን በደቂቃ ነው። ለምሳሌ 6ቱን ጀምሮ በአማካይ 65 ደቂቃ፣ 14ቱን ተቀይሮ ገብቶ በአማካይ 12 ደቂቃ ከተጫወተ፣ ድምሩ 558 ደቂቃ ነው፤ ከ6 ሙሉ ጨዋታ እምብዛም አይበልጥም። 2 ጎል በ90 ተባዝቶ ለ558 ሲካፈል በየ90 ደቂቃው 0.32 ጎል ይሆናል። በ2,250 ደቂቃ 8 ጎል ያገባው አንጋፋ አጥቂም እኩል 0.32 ነው። ከስምንቱ 3ቱ ፍፁም ቅጣት ምት ከሆኑ ደግሞ ወደ 0.20 ይወርዳል። ታዲያ ልጁ ይበልጣል ማለት ነው? አይደለም። 558 ደቂቃ ለፍርድ ያንሳል፤ አንድ ጎል ቢጨመር 0.48፣ ቢቀነስ 0.16 ነው። ተቀይሮ የሚገባው የሚገጥመው የደከመ ተከላካይ መሆኑም ቁጥሩን ያሳምርለታል።

«ችሎታ ካለው 10 ደቂቃም ይበቃዋል»
መቼ እንደገባ ይታይ። 1 ለ 0 እየመሩ በ80ኛው ደቂቃ የሚገባ አጥቂ የሚታዘዘው ተከላካይ እንዲያስጨንቅና ሰዓት እንዲገፋ ነው። አንድም ሙከራ ሳያደርግ ሥራውን በሚገባ ሊፈጽም ይችላል።

«ጎል ፊት አይታይም»
የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ስለተካሄደ፣ የጎንደር ደጋፊ ቡድኑን በአብዛኛው ያየው በቴሌቪዥን ነው። ካሜራው ደግሞ የሚከተለው ኳሱን ነው፤ ኳስ ያልደረሰው ሩጫ አይታይም። ስለዚህ በቅጣት ክልል ውስጥ ያደረገውን ሙከራ ቁጠሩ። በየ90 ደቂቃው 2 ወይም 3 እያገኘ የሚስት ከሆነ ችግሩ አጨራረስ ነው። ሙከራውን ጭራሽ ካላገኘ ወይ አቋቋሙ ልክ አይደለም፣ ወይ የሚያቀብለው የለም፣ ወይ ዘጠኝ ቁጥር (የመሐል አጥቂ) ሆኖ ሳለ በመስመር ተሰልፎ ጉልበቱን ወደኋላ በመመለስ ይጨርሳል። ሦስተኛው በእኛ አገር እጅግ የተለመደ ነው።

«አቡበከር ናስር በ21 ዓመቱ አግብቶ የለ!»
አዎ፣ ፋሲል የሊጉን ዋንጫ ባነሳበት በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አግብቷል። ግን ቋሚ ተሰላፊ ነበር። ከተጠባባቂ ወንበር ከሚነሳ ልጅ ጋር ማወዳደር አይሆንም።

«አሰልጣኙ ጠልቶት ነው»
ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ደጋፊ የማያየውን ልምምድ አሰልጣኙ ያያል። ዕድል ተሰጠው ለማለት በራሱ ቦታ፣ ከተመሳሳይ አቀባዮች ጋር፣ ቢያንስ 5 ወይም 6 ተከታታይ ጨዋታ ጀምሮ፣ አንድ ኳስ በሳተ ቁጥር በ55ኛው ደቂቃ ሳይወጣ መጫወት ነበረበት። ይህን አግኝቶ ሙከራ እንኳ ካልፈጠረ፣ ወንበር ላይ መቀመጡ በደል አይደለም።