የአንቲባዮቲክ ቅሪት ፈጣን ምርመራ ምንድን ነው?

ፒያሳ አንድ ካፌ ማኪያቶ እየጠበቅሁ ነው። ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ስልኩ ላይ ያለ የወተት መመርመሪያ ስትሪፕ ፎቶ ለጓደኛው ያሳያል። ስትሪፑ ላሟ የተወጋችው አንቲባዮቲክ ወተቱ ውስጥ መቅረቱን በፍጥነት የሚፈትሽ ቀጭን ወረቀት ነው። «ይኸው ኔጌቲቭ ነው፤ ወተቱ መድኃኒት የሚባል ነገር የለበትም።» ጓደኛው ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ኧረ ሁለት መስመር እኮ ነው! ፖዘቲቭ ነው» አለው።

ሁለቱም ተሳስተዋል። ይህን ስህተት ደግሞ ከተማሩ ሰዎች ሳይቀር ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ።

ከጓደኛው ልጀምር። የወተት ስትሪፕ እንደ እርግዝና ምርመራ አይነበብም። አብዛኞቹ የሚሠሩት በሽሚያ ነው። ወተቱ ውስጥ መድኃኒት ካለ ቀለም የያዘውን ክፍል ቀድሞ ይይዘዋል፤ ያኔ መስመሩ ላይ የሚያርፍ ቀለም ያንሳል። ስለዚህ የሚያሳስበው የመስመሩ መደብዘዝ ወይም መጥፋት ነው። ሁለት ደማቅ መስመር ኔጌቲቭ ነው።

የመጀመሪያው ሰው ስህተት ግን ይብሳል። ካዛንቺስ አንድ ሕንፃ ስንገባ ጥበቃው በብረት መፈተሻ ይዳስሰናል። መሣሪያው ዝም ካለ ያወቅነው ብረት አለመያዛችንን ብቻ ነው። በላስቲክ ጠርሙስ ቤንዚን ይዘን ብንገባም ዝም ይላል። ለፔኒሲሊን ቤተሰብ የተሠራ ስትሪፕም ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን ሌላ አንቲባዮቲክ አያይም። እኛ አገር ደግሞ ከብት በብዛት ከሚወጋቸው መድኃኒቶች አንዱ እሱ ነው። በዚያ ላይ መፈተሻው ለትንሽ መርፌ አይጮህም። ስትሪፑም የራሱ ወለል አለው፤ ከዚያ በታች ያለውን አያይም። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ የሚፈቅደው ጣሪያ ለፔኒሲሊን በሊትር ወተት 4 ማይክሮግራም፣ ለኦክሲቴትራሳይክሊን 100 ማይክሮግራም ነው። «ኔጌቲቭ» ማለት እንግዲህ «የምፈልገው መድኃኒት እኔ ከማየው መጠን በላይ የለም» ማለት ነው። «ምንም የለም» ማለት አይደለም።

ሲጮህስ? የቀበቶ ዘለበትም ያስጮኸዋል። ለዚህ ነው ቦርሳው የሚከፈተው፤ የእኛ ቦርሳ መክፈቻ የላብራቶሪ ማረጋገጫ ነው። በተለይ ባክቴሪያ አሳድገው በሚመረምሩት ኪቶች እንገር ወይም ጡቷ የታመመ ላም ወተት ያለ መድኃኒትም ፖዘቲቭ ሊያወጣ ይችላል። ሥጋ ሲሆን ደግሞ ናሙናው ከየት ተወሰደ የሚለው ወሳኝ ነው፤ ኩላሊት ብዙ ጊዜ ከጡንቻ የበለጠ ቅሪት ይይዛል።

«አፍልቼ ነው የምጠጣው» የሚለኝም አለ። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ አብዛኛው የመድኃኒት ቅሪት ግን እሳቱን ችሎ ያልፋል። እናቶቻችን ወተቱ አልረጋ ሲላቸው እርሾውን ይወቅሳሉ። አንዳንዴ ጥፋቱ የእርሾው አይደለም፤ ላሟ ተወግታ፣ መድኃኒቱ ከሰውነቷ የሚወጣበት ቀን ሳይሞላ ታልባለች፤ ቅሪቱም ወተቱን የሚያረጋውን ባክቴሪያ ይገታዋል።

ለሰውዬው አንድ ጥያቄ አቀረብኩለት። «ስትሪፑ ለየትኛው መድኃኒት ነው?» ፎቶውን አጎላው፣ ወደ ጎን ገፋው። የስትሪፑ እሽግ ፎቶው ውስጥ የለም።